ሰማይ እያየች ፈተና ስላለፈችው ትንሽ ላፕቶፕ

ለአነስተኛ ኮምፒውተሮች ብቃት መፈተሻ ማዕከል ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ እንቅልፍዎ እንደ ማዕከልዎ መተላለፊያ ጸጥ ያለ፣ ዕድሜዎም ለአንድ ማመልከቻ መልስ እስኪሰጡ ድረስ እኛ የምንጠብቀውን ያህል የረዘመ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ምስጋና ለፈጣሪ ይድረሰውና፣ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካላቴ ገና ፍተሻ ያልፋል።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ለማመልከቻዬ የሰጡኝ መልስ እጅግ ከማጠሩ የተነሣ ጊዜ ጠቦዎት እንደሆነ ስለገመትኩ፣ በዚህኛው የእኔንም የእርስዎንም ድርሻ ጽፌ ቀርቤያለሁ። እኔ ከከተማ አውቶቡስ መሪ ላይ በጡረታ የወረድኩ፣ ባለቤቴን ቀብሬ ብቻዬን የምኖር፣ ትምህርቴም የጸሎት መጽሐፍ ከማንበብና እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከመሞነጫጨር የማያልፍ ሰው ነኝ። ስለዚህ ቃል ተዛንፎ ቢያገኙ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነገር ተዛንፎ ቢያገኙ ግን እባክዎ ከእኔ ዘንድ ሳይሆን ከመፈተሻ ክፍልዎ ይፈልጉት።

ከቅሬታዬ በፊት ላፕቶፗ እንዴት ቤቴ እንደገባች ማስረዳት ይኖርብኛል። በሌላ አገር የምትሠራ አንዲት ልጅ አለችኝ። እናቷ በሕይወት ሳለች እኔና ልጄ የምንነጋገረው በእሷ በኩል ነበር፤ ስልኩን እሷ ትይዝና «አባትሽ ሰላም ብሎሻል» ትላታለች፣ እኔም ከወንበሬ ሳልነሣ ሰላም ያልኩ እሆናለሁ። እናትየው ካረፈች ወዲህ ስልኩ እኔ እጅ ላይ ወደቀ፤ «አባዬ ደህና ነህ?» ደህና ነኝ፤ «በላህ?» በላሁ፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ስልኩን ጆሮአችን ላይ ለጥፈን አንዳችን የሌላችንን ትንፋሽ እናዳምጣለን። ልጄ ይህን አይታ አንድ መላ ዘየደች። ሁለት ሰዎች ከሁለት አገር ሆነው አንድ ሰፊ ምድር ውስጥ አብረው የሚሄዱበት፣ እንጨት የሚለቅሙበት፣ ወንዝ የሚሻገሩበት፣ ቤት የሚሠሩበት ዘመናዊ የቪዲዮ ጌም አለ፤ እየተጫወቱም በሄድፎን ማውራት ይቻላል። እሱን እንጫወት አለችኝ። በስተርጅና ጌም የሚሉት ነገር አሳፍሮኝ ነበር፤ ነገር ግን እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ እንደሚፈታ አውቃለሁ። ልጅ ሳለች ከሾፌር ወንበሬ በስተጀርባ ተቀምጣ ለማጅራቴ ስታወራ ትውል ነበርና፣ እሺ አልኳት።

የእኔ ሰውዬ ባርኔጣ አለው። መንገድ መታጠፊያ በደረሰ ቁጥር ቆም እያልኩ ግራ ቀኝ ሳይ ልጄ ትስቅብኛለች። «አባዬ፣ እዚህ ፌርማታ የለም፤ የሚወርድም የሚሳፈርም የለም፤ ዝም ብለህ ሂድ» ትለኛለች። ተሳፋሪ ባይኖር እግረኛ አይጠፋም እላታለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን፣ እንጨቱን እየቆረጥን፣ እናቷ በሞተችበት ሰሞን ያልተነጋገርነውን ሁሉ ተነጋገርን።

ላፕቶፗንም የላከችልኝ ለዚሁ ነው። ኔትቡክ ከሚሏቸው ከትናንሾቹ ወገን ናት፤ የአልጋዬ ራስጌ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ከመነጽሬ ጋር ተቃቅፋ ትቀመጣለች። ልጄ ከብዙዎቹ መርጣ እሷን የገዛችው ክዳኗ ላይ «ዘመናዊ ጌሞችን በሚገባ ታጫውታለች፤ ተፈትሾ የተረጋገጠ» የሚለውን የማዕከልዎን ማኅተም አይታ ነው። ለዚህች የአውራ ጣት ጥፍር ለምታህል ማኅተም ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቤቴ ውስጥ ከእኔ ይልቅ የምትታመነው እሷ ሆናለችና። እንዴት እንደሆነች ከዚህ በታች በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ማኅተም አክባሪ አድርገው ስላሳደጉኝ። በሥራ ዘመኔ የቴክኒክ ምርመራ ማኅተም መስታወቱ ላይ ሳላይ ሞተር አስነሥቼ አላውቅም፤ ማኅተም ካለ ፍሬን አለ ብዬ አምናለሁ። ስለዚህም ላፕቶፗ በመጀመሪያው ቀን ስትንገዳገድ ጥፋቱን የሰጠሁት ለጣቶቼ ነው። ጫካ ስንገባ ዛፎቹ የሚደርሱት እኔ ከደረስኩ በኋላ ነበር። ውኃው ቆሞ ይጠብቀኛል። ባርኔጣ ለባሹ ሰውዬዬ አንድ እግሩን አንሥቶ ሌላውን ለማስከተል ሲያስብ እኔ አንድ ምዕራፍ ጸሎት ልደግም እችል ነበር። ከሥሯ ያለችው ፋን ሙሉ ሰው ጭኖ ዳገት እንደያዘ አውቶቡስ ታቃስታለች፤ ጠረጴዛውም ሸሚዝ ሊተኮስበት እስኪደርስ ይግላል። ልጄ በነገረችኝ መሠረት ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሁሉን ነገር ዝቅ አደረግሁ፤ ጥላው ጠፋ፣ ሣሩ ጠፋ፣ የሰው ፊት እንደ እንቁላል ልሙጥ ሆነ፣ ላፕቶፗ ግን ያው ናት። በልጄ በኩል ጫካው ሙሉ ነው። «አባዬ፣ ወፎቹን አየሃቸው?» ስትለኝ፣ ደስታዋን ላለመቀነስ፣ አየሁ እላት ነበር።

አንድ ቀን ግን መዋሸቱ ከነከነኝና ወፎቹን የምር ላያቸው የሰውዬዬን ፊት ወደ ሰማይ ቀና አደረግሁት። ወፍ የለም። ነገር ግን ላፕቶፗ ትንፋሽ አገኘች፤ ፋኗ ተረጋጋች፣ ተቆራርጦ ይመጣ የነበረው የልጄ ድምፅም ጠራ። ለካ ሰማዩ ባዶ ስለሆነ የምትሸከመው የለም። ከዚያ ወዲህ ትንፋሽ ባጠራት ቁጥር ቀና እያልኩ አሳርፋት ጀመር። ይህን ብልሃት የገለጠልኝ አምላክ ነው ብዬ በጸሎቴ አመስግኜበታለሁ። የእርስዎ መሥሪያ ቤት አሠራር መሆኑን ገና አላወቅሁም ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለዚያ እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ፣ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር፣ እንደ ልማዳችን ከሰዓት በኋላ ተገናኘን። ወንዙ ዳር የጀመርነውን ቤት ጣሪያ ልናለብስ ነበር። ልጄ እንደ ወትሮዋ አልቀለደችብኝም። ጥቂት እንጨት አቀብላኝ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» አለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠብታ ይቆራረጥ ጀመር። የምትለው ነገር ቀላል አለመሆኑን ከቃናዋ ስለተረዳሁ፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ፣ የማውቀውን ብልሃት ተጠቀምኩ። ሰውዬዬን ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጌ አቆምኩት። ድምፅዋም ጥርት ብሎ መጣ።

ከባሏ ጋር ተለያይተዋል። ለጊዜው ሳይሆን ለዘለቄታው ነው። እኔ እንዳላዝን ብላ ደብቃኝ እንጂ ከተለያዩ ሰንብተዋል፤ ጓደኛዋ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፋ ትተኛለች። ወደ ቤት ልመጣ እፈልጋለሁ፣ ብመጣ ትቀበለኛለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አፌን ከፍቼ መልሴን ተናገርኩ። ክቡርነትዎ ያረጋገጡላት ላፕቶፕ እዚያው ላይ ስታክ አደረገች፤ ባለችበት ደርቃ ቀረች። የእኔ ድምፅ አልወጣም። የእሷ ግን ለጥቂት ጊዜ ይደርሰኝ ነበር፤ «አባዬ?» ትላለች፣ ትጠብቃለች፣ «አባዬ፣ ትሰማኛለህ አይደል?» ትላለች። በመጨረሻም ዝግ ባለ ድምፅ «እሺ። ገባኝ» አለችና ወጣች።

ልጄ በስክሪኗ ላይ ያየችውን ነገር እንዲያስቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አባቷ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ ያለ ቃል ቆሟል። ሌላ ሰው ቢሆን ወፍ እያየ ነው ሊል ይችላል፤ የእኔ ልጅ ግን ይህን አቋቋም ታውቀዋለች። እኔ ስቆጣ አልጮህም፤ ዝም ብዬ ቀና እላለሁ። ባለቤቴ «እኔ የጠየቅሁህ መልስ ጣሪያው ላይ ተጽፎልሃል?» እያለች ታበሽቀኝ ነበር። ልጄም ከትምህርት ቤት ሰርተፊኬቷ እስከምትለብሰው ቀሚስ ድረስ የአባቷን ቁጣ ከዓይኑ አነጣጠር እያነበበች ያደገች ናት። በዚያ ላይ በሠርጓ ዕለት፣ ሽማግሌው ሁሉ እየሰማ፣ ትዳር ጠበበኝ ተብሎ እንደ ጫማ አይወለቅም ብዬ የመከርኳት እኔው ነኝ።

ሦስተኛ፤ ይህን ቅሬታ ጽፌው ነበር። ከጸሎት በኋላ መልሼ ሳነበው ስድብ ሆኖ ስላገኘሁት ሰርዤዋለሁ። ቁጥሩን ብቻ ለማስታወሻ ትቼልዎታለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ስልኩ። ያን ዕለት ደጋግሜ ደወልኩ፤ አላነሣችም። በማግሥቱ «አትጨነቅ አባዬ፣ ተረድቼሃለሁ» የሚል አጭር መልእክት ላከች። የልጄ «ተረድቼሃለሁ» ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከመጨነቅ ሌላ ሥራ አይኖረውም። ኋላ ስታነሣልኝ ላፕቶፗ ስታክ አድርጋ ነው አልኳት። ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፈው፤ «አባዬ፣ በላፕቶፗ አታሳብብ። ማዕከሉ አረጋግጦ ማኅተም አድርጎባታል እኮ፤ ከመላኬ በፊት እኔ ራሴ ነኝ ያነበብኩት።» መልሴንም እንደገና፣ በግልጽ፣ በስልክ ነገርኳት። «አሁን የምትለው አዝነህልኝ ነው። ያደረ መልስ ነው፤ አሳድረኸው፣ ጸልየህበት የመጣ። እኔ የፈለግሁት መጀመሪያ ያልከውን ነበር፤ እሱን ደግሞ አይቼዋለሁ» አለችኝ። ጠበቃ ሆና ቢሆን ኖሮ እኮራባት ነበር።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ አባትና ማኅተም ቀርበው ማኅተሙ ታመነ። በሥራ ዘመኔ ከአለቃ ጋር፣ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር፣ ቲኬት አልቆርጥም ካለ ሰካራም ጋር ተከራክሬ ተረትቻለሁ፤ የማስቲካ ልጣጭ በምታህል ስቲከር ስረታ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አምስተኛ፤ ስለ መስተንግዶዎ። ነገሩን ከምንጩ ልስማ ብዬ ላፕቶፗን በፌስታል ይዤ ወደ ማዕከልዎ መጣሁ። ጥበቃው በትሕትና ጫማዬን በላስቲክ እንድሸፍን አደረገኝ፤ ወለሉ ከሐኪም ቤት ይነጻል። አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ሳቂታ፣ ወፈር ያለች ባለሙያ ተቀብላ ወንበር ሰጠችኝና ፈተናው እንዴት እንደሚካሄድ በኩራት አሳየችኝ። ላፕቶፗን በብረት ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች፣ በጎኗ ትልቅ ማራገቢያ ትደቅናለች፣ ጌሙን ትከፍታለች። ከዚያም ጌሙ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና ታደርገውና በስክሪኑ ጥግ የሚታየውን ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ሴኮንድ ስንት ምስል እንደምታሳይ፣ አንብባ ትጽፋለች። ቁጥሩ ያምራል። ማኅተም ይለጠፋል።

ለምን ወደ ሰማይ ብዬ ጠየቅሁ። «ወደ መሬት ካየን ቁጥሩ ይወዛወዛል፣ አንዴ ይወርዳል አንዴ ይወጣል፤ እኛ የምንሞላው ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ሰማይ ላይ ጸጥ ይላል፤ ለማንበብ ይመቻል» አለችኝ። ሰማይ ሰማይ እያየ የሚጫወት ማን ነው ብላት፣ ደግነቷን ሳታጓድል፣ «አባባ፣ እኛ የምንፈትሸው ላፕቶፑን ነው እንጂ ጨዋታውን አይደለም» አለች። ይህ አሠራር በእኛ ጊዜ ቢታወቅ አውቶቡሱን ሁሉ ቁልቁለት ላይ እየፈተሽን ስንት ሞተር ባተረፍን ነበር። እሷን ግን እንዳይቆጧት አደራ እላለሁ፤ ከእሷ በፊት የነበረው አሳይቷት፣ ለእሱም ከእሱ በፊት የነበረው አሳይቶት ነው። እንዲያውም ልጄ ያለችኝን ስነግራት ፈገግታዋ ጠፍቶ ለጥቂት ጊዜ የማራገቢያውን ገመድ ስትጠቀልል ቆየች፤ ቀስ ብላም «ማመልከቻ ያስገቡ፣ አባባ» አለችኝ።

አስገባሁ። የጠየቅሁት አንድ መስመር ነው፤ ይህች ላፕቶፕ ሰው መሬት እያየ ሲጫወትባት ልትቆም እንደምትችል፣ በማዕከሉ ስም፣ ለልጄ እንዲጻፍልኝ። የክቡርነትዎ መልስ «የተሰጠው ማረጋገጫ የጸና ነው፤ ተጠቃሚው አጠቃቀሙን እንዲያስተካክል ይመከራል» ይላል። ምክርዎን ተቀብዬ አጠቃቀሜን ላስተካክል ሞክሬያለሁ። ልጄ ግን እንግዲህ ወደ ጌሙ ስለማትገባ፣ ወንዙ ዳር ብቻዬን ቆሜ ጣሪያ የሌለውን ቤት ዞሬ አየሁትና ዘጋሁት።

ስድስተኛው ቅሬታ ለእርስዎ አይደለም፤ ሆኖም እዚህ ካልጻፍኩት የላይኛው ሁሉ ግብዝነት ይሆንብኛል። ይህን ጉዳይ ይዤ በጸሎት ስቆም አንድ ጥያቄ እየመጣ ይጎነትለኛል። ልጄ ማኅተምዎን ያመነችው ለምንድን ነው? ሌላ አባት ቢሆን «አባዬ እንዲህ አያደርግም» ብላ ላፕቶፗን ትጠረጥር ነበር። ማዕከልዎ ዋሸ፤ ውሸቱ ግን የተለጠፈው ሙጫ ባለበት ቦታ ነው። ሙጫውን የቀባሁት፣ ስቆጣ ዝም እያልኩ ያሳደግኋት እኔ መሆን አለብኝ። እዚህ ላይ ከእርስዎ የተለየሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ማረጋገጫዬ የጸና ነው አላልኩም።

አሁንም የምለምነው ካሣ አይደለም፣ የማንም ከሥራ መነሣትም አይደለም። ልጄ ከአሁኑ አገሯ እጅግ የራቀ ቦታ የሥራ ውል ቀርቦላታል፤ ሳትፈርም በፊት ያቺን አንድ መስመር ቢጽፉልኝ ውለታዎን እስከ መቃብር ይዤው እገባለሁ። መጻፍ ከከበደዎ ሌላ አማራጭ አለኝ። ላፕቶፗን ይዤ ከአዳራሽዎ እመጣለሁ፤ እርስዎ ሰዎችዎን ይጥሩ፣ ማራገቢያው ይጥፋ፣ ጫካው ይከፈት፣ እኛም ሁላችንም በጋራ ወደ መሬት እንይ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው እርስዎ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ይህም ካልተመቸዎ ደብዳቤው ራሱ ይበቃል፤ ልጄ ይህን ጋዜጣ በኢንተርኔት ሳታነብ አትውልም፣ በተለይ ሰው እንዲህ ሲሞግት ማየት ትወዳለች።

ጠረጴዛዎ ከወረቀት፣ ወረቀትዎ ከጥያቄ፣ ጆሮዎም ከእኔ መሰል ሽማግሌ ድምፅ የጠራ እንዲሆንልዎ፣ ልጆችም ካሉዎት ጥያቄ በሚጠይቁዎ ሰዓት በመካከላችሁ በማዕከልዎ የተረጋገጠ ምንም ዓይነት መሣሪያ እንዳይኖር አምላኬን እየለመንኩ፣ ከፍ ካለ አክብሮትና ዝቅ ካለ ሴቲንግ ጋር እሰናበታለሁ።

አጠቃቀሙን በማስተካከል ላይ የሚገኘው ተጠቃሚዎ፣
ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር

ከፊርማው በታች፦ ባለሙያዎችዎ ላፕቶፗን ያቃታት ሸክም ምን ያህል እንደነበረ መርምረው ማወቅ ቢፈልጉ፣ በዚያ እሑድ ከአፌ ወጥቶ ሳይሻገር የቀረው፣ ያላደረውና ያልተመከረበት መልስ ከነቃሉ ይህ ነው፦ «ቤትሽ ነው፤ ማንን ታስፈቅጃለሽ? ነይ።» ይህ ጋዜጣ ያለ ምንም ማኅተም ተሸክሞታል።